ከኬላው ማዶ የሚሠራ ውል

ጅጅጋ ፍርድ ቤት በር ላይ ሠላሳ ዓመት ራፖር ጸሐፊ ነበርኩ። እኔ የጻፍኩትን ውል ያፈረሰ ጠበቃ አልነበረም። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ የሕጉን አንቀጽ ከነቁጥሩ በቃሌ ይዣለሁ። በ2011 ዓ.ም. ደንበኞቼ ወደ ኮምፒውተር ቤት ሲሸሹ፣ ሐርጌሳ ምግብ ቤት የከፈተችው የባለቤቴ እህት «ኑና አግዙኝ» አለችን። እናንተ ጎረቤቶቼ ጎህ ሲቀድ ሸኛችሁን፤ ከሰዓት ተመልሰን ስታዩን የሳቃችሁትንም አልረሳሁም።

ጥፋቱ የአፌ ነበር። ቶጎ ውጫሌ የድንበር ኬላ ላይ ኃላፊውን ፎርም አሞላል ላስተምረው ጀመርኩ።

«ኦዳይ» አለኝ፤ ሶማሌዎች ሽማግሌን እንዲህ ነው የሚጠሩት። «የሚሻገረው አንተ ነህ ወይስ አፍህ?»

«ሁለታችንም።»

«እንግዲያው ሁለታችሁም ተመለሱ!»

ባለቤቴ ብርቄ ቀብሪበያ ገበያ ያደገች ናት፤ ሶማሊኛው አፍ መፍቻዋ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ከሰላምታ አላልፍም። ቤት እንደገባን «የኔ ጌታ፣ ዕድሜ ልክህን አዘዝከኝ» አለች። «ከኬላው ማዶ ግን እኔ ልዘዝ። በአፍህ አላምንህም፤ ጻፈው።»

ጻፍኩት። «እኔ ውል ሰጪ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በገዛ ፈቃዴ፣ ከኬላው ማዶ ለአንድ ዓመት ለባለቤቴ ልታዘዝ፣ ዝም በል ስትለኝ ዝም ልል፤ ውል ተቀባይም መታዘዜን በሰው ፊት መሳቂያ ላታደርግ ተስማምተናል። ከሁለት አንዳችን ‹ይብቃ› ካልን ውሉ ይቀራል።»

እንደ ልማዴ መጨረሻ ላይ የሕጉን ቁጥር ልጽፍ ስል ብዕሬ ቆመ። ለዚህ አንቀጽ የለም፤ የሚያስፈጽመው ዳኛም የለም። ቦታውን ባዶ ተውኩት። እሷ በአውራ ጣቷ፣ እኔ በፊርማዬ አጸናነው። ለካ ዳኛ የሚጠብቀው ውል ቀላል ነው!

በማግስቱ ያው ኃላፊ «ኦዳይ፣ አፍህስ?» አለኝ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ብርቄ ወረቀቱን የያዘችበትን ደረቷን መታ መታ አደረገች። ዋጥኩት። እሷ በሶማሊኛ አንድ ነገር አለችው፤ እሱም «አላህ ያሽርህ» ብሎ አሳለፈን።

«ምን ብለሽ አዋረድሽኝ?» አልኳት ስንርቅ።

«ጉሮሮውን አሞታል ነው ያልኩት።»

እሷም ውሏን ጠበቀች። ያን ጊዜ ነው ወረቀቱ የሁለታችንም መሆኑ የገባኝ።

ሐርጌሳ ያከራየችን ሴት ድሮ ጅጅጋ ነግዳለች፤ አማርኛ ታውቃለች። «ይሄ ኦዳይ አይናገርም እንዴ?» አለች።

«ይናገራል፤ ዛሬ ግን ተራው የኔ ነው» አለች ብርቄ። ሁለት ክፍል በአንድ ክፍል ዋጋ ወሰደች። እኔ ብሆን ግቢው ውስጥም አልገባም ነበር።

ነፋሱ የጅጅጋ ነፋስ ነው፤ ቀና ስል ግን ካራማራ የለም። ሽሮ እያማረኝ፣ ታዝዤ ሩዝ በሙዝ በላሁ። ዓመቱ ሲሞላ ብርቄ ወረቀቱን አውጥታ «በል ቅደደው» አለችኝ። «ይታደስ» ብዬ ፈረምኩ። እግዜር ይስጣት፤ ከሠላሳ ዓመት ጩኸቴ ያረፍኩት በእሷ ትእዛዝ ነው።

እንግዲህ የሠራሁትን ስሙ። ድንበር ተሻግሬያለሁ። በስተርጅና ሶማሊኛ ለምጃለሁ። በሽንኩርት ከተፋ ሐርጌሳ ውስጥ የሚደርስብኝ የለም። ውሉን በየዓመቱ አድሼ፣ አንድም ቀን አላፈረስኩም፤ «ይብቃ» ያለም የለም።

በስልክ «መቼ ነው የምትመለሱት?» ትሉኛላችሁ። ጅጅጋማ አጥንቴ ድረስ ናፍቃኛለች። ነገር ግን ውሉ የሚሠራው ከኬላው ማዶ ብቻ ነው፤ ያን ያህል ጎበዝ ጸሐፊ ሆኜ ይህን አላሰብኩበትም። ለማንኛውም ብርቄን ጠይቋት።