ሙቀቱ እንዳይወጣ

በግቢው ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ባንኳ ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ግቢው በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚሠራው ጫማ ሰፊ ነው። አንድ ቀን ነጠላ ጫማዋን እንደ ልማዷ ልታሰፋ ይዛ ብትመጣ፣ አገላብጦ አየውና፣ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ከእንግዲህ ክር እንጂ ጫማ አይደለም። ለመሆኑ ገንዘቡን ምን ታደርጊዋለሽ? ባንክ ነሽ እንዴ?» አላት። እሷም ሳቀች። ስሙ ግን በዚያው ተጣብቆባት ቀረ።

እውነቱን ለመናገር ስሙ አይበዛባትም። ክብሪት በምላጭ ለሁለት ሰንጥቃ የምትጭር ሴት ነበረች። ሳሙና አልቆ እንደ ቅጠል ሲሳሳ አትጥለውም፤ በቆርቆሮ ታጠራቅመውና ሞቅ አድርጋ፣ ጠፍጥፋ፣ አዲስ ሳሙና ታደርገዋለች። ልብስ ያለቀለቀችበት ውሃ ወለል ያጥባል፤ ወለል ያጠበው ደግሞ መጸዳጃ ቤት ይደፋል። ቲማቲም የምትገዛው ገበያው ሊበተን ሲል፣ ሻጮቹ ተሸክሞ መመለሱ ሲታክታቸው ነው። ስልክ ደውላ አታወራም፤ አንዴ ታስጠራና ትዘጋለች፤ የፈለጋት ይደውልላት። ባጃጅ መሳፈርማ እግር ያለው ሰው የሚያደርገው ነገር አይመስላትም ነበር።

ይህን ያየ ሁሉ ስስት ይመስለዋል። ስስት አልነበረም። ፍርሃት ነው። ልጇ ገና ጡት ሳትጥል ባሏ ታመመና ከሥራ ተቀነሰ፤ ኪራዩ ሲጓተት የድሮው አከራያቸው ዕቃቸውን በዝናብ አውጥቶ መንገድ ዳር ደረደረው። ፍራሹ ውሃ ጠጥቶ አብጦ፣ አላፊ አግዳሚው ድስቷን ሳይቀር እያየ፣ ሕፃኗን በላስቲክ ጠቅልላ እዚያው ዕቃው ላይ ተቀምጣ ዋለች። ያን ቀን የገባባት ፍርሃት ቤት ሲገኝም፣ ባሏ ሲድንም አልወጣላትም። የአሁኗ አከራይዋ በመስኮቱ ስታልፍ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ኪራይ አንድም ቀን ሳታሳልፍ። ባሏ ሩቅ አገር መንገድ ሥራ ላይ ነው። የሚልከው ለቀለብ ይበቃል፤ ፍርሃቷን ለማስታገሥ ግን አይበቃም። ስለዚህ አንድ ነገር በልቧ ይዛ ነበር፤ የዓመት ኪራይ ባንድ ጊዜ መክፈልና ደረሰኙን ግድግዳው ላይ መለጠፍ። ያኔ ዝናብ ሲዘንብ እንደ ሰው እተኛለሁ ትላለች።

የሰው ልብስ ማጠብ የጀመረችው ለዚህ ነው። መጀመሪያ የጎረቤት ልብስ ነበር፤ ቀጥሎ ከአስፋልቱ ማዶ ራቅ ብሎ ያለው የድግስ አዳራሽ የጠረጴዛ ልብሱን ይሰጣት ጀመር። ነጭ፣ ሰፋፊ፣ ቅባት የጠገበ ጨርቅ ነው። ማጠቡ አላስቸገራትም፤ ክንዷ ብረት ነው። ያስቸገራት ክረምቱ ነው። ያሰጣችው ጨርቅ እንደራሰ ይውላል፣ እንደራሰ ያድራል፣ በመጨረሻም መሽተት ይጀምራል። የአዳራሹ አስተዳዳሪ አንዱን አንስቶ አሸተተና፣ «እሜቴ፣ ሌላ አጣቢ እንዳልፈልግ አታድርጊኝ» አላት። ሲናገር አልተቆጣም። ያስፈራትም አለመቆጣቱ ነው፤ የድሮው አከራይም ዕቃዋን ሲያስወጣ አልተቆጣም ነበር።

ወዲያው ቤቷን ማድረቂያ አደረገችው። ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ አንድ መስኮት። ገመድ ከግድግዳ ግድግዳ ወጠረች። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላ፣ ጭሱ እስኪያልቅ ጠብቃ፣ ፍሙ ቀልቶ ሲንቦገቦግ ማንደጃውን ይዛ ትገባለች። ጠንቃቃ ነኝ ብላ ነው ጭሱን የምትጠብቀው፤ ጭስ ከሌለው ፍሙ ምን ያደርጋል? ከሰል ደግሞ በነፃ አይገኝም። ስለዚህ ሙቀቱ በከንቱ እንዳይሄድ የመስኮቱን ዙሪያ በአሮጌ ጨርቅ ወተፈችው። ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት ለልጇ ሰጠቻት።

ልጅቷ ሁለተኛ ክፍል ናት። ቁርጥ እናቷን ናት፤ እርሳሷን በጣቷ መያዝ እስኪያቅታት ትጽፍበታለች፣ ማስቲካ አኝካ ለነገ ታስቀምጣለች። «እኔ ስወጣ ከውጭ እቆልፋለሁ» አለቻት ባንኳ፤ የሰው ጨርቅ ቢሰረቅስ ብላ መፍራቷ ነው። «አንቺ ደግሞ ከውስጥ ጨርቁን ከበሩ ሥር ጠቅጥቂው። ጠበቅ አድርገሽ። ሙቀቱ እንዳይወጣ። ሙቀቱ ሲወጣ ገንዘባችን ነው የሚወጣው፣ እሺ የኔ ልጅ?»

«እሺ እማዬ።»

ይህን ሥራ ልጅቷ ወደደችው። ጨርቁን በትናንሽ ጣቶቿ እየጠቀጠቀች ጥግ ለጥግ ታዳርሰዋለች፤ ሲያልቅ መዳፏን ከበሩ ሥር አስጠግታ ንፋስ ይገባ እንደሆነ ትፈትሻለች። ከገባ እንደገና ትጀምራለች።

ብዙም ሳይቆይ ራሴን አመመኝ ማለት አመጣች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች እናት፣ ጨርቅ እያጠፈች።

«እንጃ። ትምህርት ቤት ስሆን አያመኝም። እቤት ስመጣ ነው የሚያመኝ።»

ባንኳ ሳቋ መጣ። እሷም ልጅ ነበረች፤ እቤት ስትገባ ዕቃ ማጠብ እንደሚጠብቃት ስታውቅ የማያማት ነገር አልነበረም። «እሱ የሥራ ራስ ምታት ነው፣ እኔም አለብኝ» አለቻት። ደግሞም አልዋሸችም። ጨርቁ መሃል ጎንበስ ቀና ስትል የእሷንም ራስ ቀስፎ ይይዛት ነበር፤ አንዳንዴም ያጥወለውላታል። ሐሳብ ነው ብላ አለፈችው። ሐሳብ እንደሆነ ሞልቷት ተርፏታል።

አንድ ቀን አዳራሹ ትልቅ ግብዣ ነበረበት። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ምሳዋን ነካ አድርጋ ትታው፣ አልጋው ላይ ጥቅልል አለች። ባንኳ ግንባሯን ዳሰሰችው፤ ወዝቷል። ሞቋታል ማለት ነው ብላ ደስ አላት፤ በዚህ ብርድ ስንቱ ልጅ እየተንቀጠቀጠ ነው። ማንደጃው ላይ ከሰል ጨመረች። የደረቁትን ጨርቆች አጥፋ፣ በላስቲክ ጠቅልላ ተሸከመች። ገመዱ ላይ የቀሩት እስክትመለስ ይደርሳሉ።

«ተነሺ፣ ጨርቁን አድርጊና ትተኛለሽ።»

ልጅቷ ተነሳች። ስትራመድ አልጋውን ተደገፈች። ባንኳ ይህን አየች፤ እንቅልፍ ነው ብላ ወጣች። ቆልፋ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ቆም ብላ አዳመጠች። ከውስጥ ጨርቁ ሲጠቀጠቅ ይሰማል፤ ኮሽ፣ ኮሽ። ጎበዝ፣ አለች በልቧ፣ መንገዷንም ቀጠለች።

አዳራሹ እንደ ደረሰች አስተዳዳሪው አንዱን ጨርቅ አንስቶ አሸተተ። ባንኳ ፊት ፊቱን ታያለች። እንደገና አሸተተ። «እንዲህ ነው እንጂ» አለና የእጇን ከፈላት፤ ለሚቀጥለው ሳምንትም እጥፉን እንደሚሰጣት ነገራት። የምትገባበት ጠፋት። ደጅ ስትወጣ ዝናቡ እንኳን ደስ አላት፤ ደረቷ ተከፍቷል፣ ራሷም ቀልሏታል።

ራሷ ቀልሏታል።

መንገዱ መሃል ቆመች። ከቤት ስትወጣ ራሷ ሊፈነዳ ነበር፤ ሸክሙ ነው ብላ ጥርሷን ነክሳ ነው የመጣችው። አሁን የለም። መቼ ተወኝ ብላ አሰበች። አስፋልቱን ስትሻገር ለቆኛል። ትናንትስ? ትናንትም ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ለቋት ነበር፤ ስትመለስ ጀመራት። ከዚያ በፊትም እንደዚያው። ሐሳብ ከሆነ ሐሳቧን የት ትታው ወጣች? እዚህ ላይ የልጇ ድምፅ እጎኗ የቆመች ያህል መጣባት። ትምህርት ቤት ስሆን አያመኝም። እቤት ስመጣ ነው የሚያመኝ።

መጀመሪያ ፈጠን ብላ ተራመደች። ምንም አይደለም ትላለች፣ ጭስ እኮ የለውም፣ ጭሱን ጠብቄ ነው ያስገባሁት። እግሯ ግን አልሰማትም፤ መሮጥ ጀመረ። ከሮጠች በኋላ ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ ያዛት። አልጋውን ተደግፋ ስትራመድ ታየቻት። ያቺ ኮሽታ በጆሮዋ ትጮህ ጀመር። ነጠላ ጫማዋ ተበጥሶ ጭቃ ውስጥ ሲቀር ዞራ አላየችውም፤ በዕድሜዋ ዞራ ሳታየው ያለፈችው የመጀመሪያ ዕቃዋ ነው።

መታጠፊያው ላይ ባጃጅ ቆሟል። ዘላ ገባች።

«እትዬ፣ ሰው እስኪሞላ ነው» አለ ሾፌሩ፣ ሳይዞር።

«የሁሉንም እከፍላለሁ። ንዳው።»

ዞር ብሎ አያት፤ ባዶ እግሯን አየ፣ ፊቷን አየ፣ አንድም ነገር ሳይጠይቅ ነዳ። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር እሷ ወንበሩን በእጇ ትመታለች፣ ፈረስ ይመስል። ጸሎት ልትጀምር ትልና ቃሉ ይጠፋባታል። እባክህ ብቻ ነው ከአፏ የሚወጣው፤ እባክህ፣ እባክህ።

ግቢው በር ላይ ስትወርድ ጫማ ሰፊው ከጃንጥላው ሥር ቀና አለ። «ምነው፣ ባንኩ ተዘረፈ እንዴ? በባጃጅ...» አለና አልጨረሰውም፤ ወስፌውን ጥሎ ተከተላት። ቁልፉ አልገባ አላት። እሱ ተቀብሎ ከፈተው። በሩን ገፋችው። በሩ እምቢ አለ።

ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ነው፤ ከሥሩ ጨርቅ ተወትፎበታል። ጥግ እስከ ጥግ፣ ጠበቅ ተደርጎ። እንዲህ አድርጊ ብላ ራሷ ያስተማረቻትን ልጅቷ አንድም ሳታጓድል ፈጽማዋለች። ባንኳ በትከሻዋ ገፋች፣ በጉልበቷ ገፋች፣ የልጇን ስም ጠራች። መልስ የለም። ጫማ ሰፊው ወደ ጎን አድርጓት በሙሉ ክብደቱ ሲደገፈው በሩ ትንሽ ሸሸና እንደገና ቆመ፤ የያዘው ግን ጨርቁ ብቻ አልነበረም። ልጅቷ አልጋው ዘንድ አልተመለሰችም። ጠቅጥቃ ስትጨርስ እዚያው በሩ ሥር ወድቃለች፤ መዳፏ ንፋስ እንደምትፈትሽ ክፍተቱ ላይ ተዘርግቷል።

በጠባቡ ክፍተት እጃቸውን አሾልከው ገለል አደረጓት፣ በሩን ገፍተው ከፈቱና ጎትተው አወጧት። ጫማ ሰፊው ገብቶ ማንደጃውን ወደ ዝናቡ ወረወረው፤ ሲወጣ ነጭ ጨርቅ ከነገመዱ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ አብሮት ጭቃው ላይ ተጎተተ። ባንኳ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ ጥብቅ አድርጋ አቅፋታለች። ልጅቷ እንደ እራፊ ጨርቅ ዝልፍልፍ ብላለች። አከራይዋ ጫጫታውን ሰምታ ወጣች። ያቺ በመስኮት ስታልፍ የምታስፈራ ሴት ጃንጥላዋን ልጅቷ ላይ ዘርግታ ቆመች፣ ራሷን ዝናብ እየደበደባት። «ቀና አድርጊያት። አየር ስጫት፣ እታለም፣ አትቀፊያት፣ አየር ስጫት» ትላለች። ባንኳ መልቀቅ ፈራች። ከለቀቀቻት የምትሄድባት መሰላት።

ከዚያ ልጅቷ አስመለሳት። ትንሽ ነው፣ ግማሹም ምራቅ ነው። ባንኳ በእጇ ተቀበለችው።

ባጃጁ ገና በር ላይ ነበር። ሾፌሩ ክፍያውን ሳይጠይቅ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው። እዚያ በልጅቷ አፍና አፍንጫ ላይ አየር የሚሰጥ ነገር አደረጉላት። ነርሷ ባንኳን ምን እንደተፈጠረ ጠየቀቻትና ሰምታ ስታበቃ፣ «ጭስ የሌለው ነው እኮ የሚገድለው። አይታይም፣ አይሸትም። ትንሽ ቆይተሽ ቢሆን...» ብላ የቀረውን ተወችው። ባንኳ የቀረውን ራሷ ጨረሰችው፤ ያን ሌሊት ሁሉ ስትጨርሰው አደረች።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቤት መለሷቸው። ዝናቡ እንደዚያው ነው። ግቢው ውስጥ ማንደጃው ተገልብጦ ውሃ አቁሯል፤ የአዳራሹ ጨርቅ ጭቃ ውስጥ ተረጋግጦ ቀለሙ አይለይም። ሥራው እንደሄደ ባንኳ አውቃዋለች፤ ስለ ደረሰኙና ስለ ግድግዳው በኋላ ታስባለች። ልጇን አልጋው ላይ አስተኝታ ያለውን ልብስ ሁሉ ደራረበችላት። የመስኮቱን ውታፍ ነቅላ ወረወረችው። በሩንም እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ ንፋስ እንዳይመልሰው ድንጋይ አስደገፈችው። ብርዱ ዘው ብሎ ገባ። ልጅቷ አጠገብ ቁጭ ብላ ደረቷን ታያለች፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ትንሽ የዘገየ ሲመስላት መዳፏን ከአፍንጫዋ ሥር ታስጠጋለች።

ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። እናቷን አየች፣ ቀጥሎ በሩን አየች።

«እማዬ፣ በሩ ክፍት ነው። ሙቀቱ ይወጣል።»

በክርኗ ተደግፋ ልትነሳ ሞከረች፤ ጨርቁን ወለሉ ላይ በዓይኗ ትፈልጋለች።

«ይውጣ፣ የኔ ልጅ» አለች ባንኳ፣ ትከሻዋን ይዛ እያስተኛቻት። «ተኚ። ይውጣ፣ ግድ የለም።»

ልጅቷ ይህን ከእናቷ አፍ ሰምታው አታውቅም፤ አላመነቻትም። ዓይኗን ከበሩ ሥር ሳትነቅል እንቅልፍ ወሰዳት።