ሳይነበብ የታለፈ መስመር

ጊንጪ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሮስተር ላይ ተሳስተሃል ያለኝ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። በሮስተር የሚጎርር ሰው የሚሰማው ሌላ መምህር ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የራሱን ጉራ ለመጀመር ተራ እየጠበቀ ነው።

ላላየው ሰው፣ ሮስተር የጠረጴዛ ግማሽ የሚያህል ወረቀት ነው። በግራ በኩል የተማሪዎቹ ስም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ከስሙ ጎን የአሥሩ ትምህርት ውጤት፣ ከዚያ ድምር፣ ከዚያ አማካይ፣ በመጨረሻም ሁሉም የሚያየው ደረጃ ይጻፋል። ሥራው የሁለት ሰው ነው። የክፍሉ ኃላፊ ይደምራል፤ ሌላ መምህር ማስመሪያውን ከመስመሩ ሥር አድርጎ እንደገና ይደምርና ያመሳክራል። ከተስማሙ ዳር ላይ በእርሳስ ትንሽ ምልክት ይደረጋል። ካልተስማሙ ይጣላሉ። እኔ ካልኩሌተር አልነካም። ካልኩሌተር የያዘ የሒሳብ መምህር ሳይ፣ ደህና እግር እያለው በክራንች የሚሄድ ሰው ያየሁ ይመስለኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ወጣት የኮምፒውተር መምህርት ከአምቦ ተመድባ መጣች። ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር የሚባል ክፍል ነበረው፤ ከተደረደሩት ውስጥ የሚሠሩት አራት ነበሩ። በመጀመሪያው የመምህራን ስብሰባ ላይ እጇን አወጣችና ልጆች ኮዲንግ መማር አለባቸው፣ ክበብ ይፈቀድልኝ አለች። ርዕሰ መምህሩ "አስተያየት ያለው?" አለ። አስተያየት ያለው ሁልጊዜ እኔ ነኝ።

"ልጆቹ ሰባት ሲባዛ በስምንት ስንት ነው ሲባሉ ጣራ ጣራ ያያሉ" አልኩ። "እኛ መደመር አስተምረን ሳንጨርስ፣ ማሽን እንዲደምርላቸው እናስተምር?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሷ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ "ጋሼ፣ ማሽኑን ደምር ብሎ ለማዘዝ እኮ መጀመሪያ መደመር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል" አለች። መልሷን በደንብ አልሰማሁትም፤ የሳቁን ጣዕም እያጣጣምኩ ነበር። ክበቡ በሳምንት ሁለት ከሰዓት እንዲሠራ ተፈቀደ። መጀመሪያ የተመዘገበችው ልጄ ናት።

ልጄ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ የክፍሏ ኃላፊም እኔ ነበርኩ። ስምንተኛ ሁለት ክፍል ነበር። አንዱ የእኔ ነው፤ ሌላውን የያዘው ደግሞ የማላነጋግረው ሰው ነው። ስለዚህ ብዙ ምርጫ አልነበረም።

መብራት ሲጠፋ ክበቡ አይበተንም። አንድ ቀን በመስኮት አጮልቄ ሳይ፣ አንድ ልጅ ከሰሌዳው ፊት ገትረው "አንተ ኮምፒውተር ነህ" ብለውታል። ሌሎቹ ከክፍሉ እንዲያወጡት በተራ ያዙታል። "አምስት እርምጃ ወደፊት" አሉት፤ ሄደ። "ወደ ግራ ዙር" ማለት ረሱ። ልጁ ግድግዳው ጋ ደርሶ ግንባሩን እያጋጨ ቆመ። ልጆቹ በሳቅ ሲፈርሱ መምህርቷ "እሱ አልተሳሳተም፤ ያዘዛችሁት እናንተ ናችሁ። የቱ ጋ ነው የሳታችሁት?" አለቻቸው። እኔ ይሄ ትምህርት ነው እንዴ ብዬ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ሴሚስተር አልቆ ሮስተር ስንሠራ የሚያመሳክርልኝ የሳይንስ መምህሩ ነበር፤ ደግ ሰው ነው፤ ከእኔ ጋር ብዙ ዓመት ሠርቷል። እሱ ማስመሪያውን እያወረደ፣ እኔ እርሳሴን ይዤ ሠላሳኛው መስመር ደረስን። ሠላሳ አንደኛው የልጄ ነው። ማስመሪያውን አነሳው።

"ይሄን እንለፈው" አለኝ። "የአንተን ልጅ ልመረምር ነው? እኔ ሰው አይደለሁም?"

"ግድ የለህም፣ መርምር" አልኩት።

"ኧረ በፍጹም!"

ምልክቱን አደረገና ወደ ሠላሳ ሁለት ወረደ። እኔም አልገፋሁም። አንድ ጊዜ መርምር ማለት ወግ ነው፤ ደግሜ ብለው ደግሞ ወዳጄን አላመንኩትም፣ ወይም ራሴን እጠራጠራለሁ ማለት ይሆንብኝ ነበር። የስድሳ ሦስት ልጅ ድምር ሁለት ጊዜ ተደመረ፤ የልጄ አንድ ጊዜ።

ልጄ በዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ከሁለቱም ስምንተኛ ክፍሎች አንደኛ ወጣች። ሁለተኛዋ ዘጠኝ መቶ ሰባት ያገኘች፣ ከደንዲ ገጠር የመጣች ልጅ ናት። ከገበያው ጀርባ ከሁለት የአክስቷ ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ዓርብ ከትምህርት በኋላ አገሯ ትሄዳለች፤ እሑድ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። ቤተሰቦቿ እስከ ስምንተኛ እናስተምራት፣ ከዚያ ተራው የታናናሾቿ ነው ብለው ቆርጠው ነበር። ይህን አውቅ ነበር። ክፍል ውስጥ ስለ እያንዳንዱ ልጅ የሚያውቅ መምህር ነኝ እያልኩም እመካ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ደብዳቤ መጣ። ከየትምህርት ቤቱ በስምንተኛ ክፍል አንደኛ የወጣ አንድ ተማሪ ለአዳሪ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አምቦ ይላክ ይላል። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ምግቡንም፣ መኝታውንም፣ ትምህርቱንም ይችላል። የልጄን ስም በራሴ እጅ ጻፍኩ፤ ርዕሰ መምህሩ ማኅተም አደረገበት። በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ፤ እናቷም ቦርሳ መግዛት አለብን አለች።

በዚያው ሰሞን መምህርቷ ለክበቡ ልጆች የቤት ሥራ ሰጠች። ቤታችሁ ውስጥ ሰው እያማረረ የሚሠራውን ሥራ ፈልጉና ማሽኑ እንዲሠራው እዘዙ አለቻቸው። አንዱ ልጅ የዕድር ድንኳን ለመትከል ተረኛው ማን እንደሆነ የሚናገር ፕሮግራም ጻፈ። ልጄ የእኔን ሮስተር መረጠች። በዓመት ሁለት ጊዜ ወገቤን ይዤ ሳቃስት ትሰማኝ ስለነበር ልታሳርፈኝ ፈልጋ ነው። ቅጂውን ስትጠይቀኝ ሰጠኋት። የስድሳ አራቱን ልጆች ውጤት አንድ በአንድ አስገባች።

የፈተናው ቀን ሰኞ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ልጄ ደብተሯን አቅፋ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

"አባዬ፣ ፕሮግራሜ ተበላሽቶብኛል።"

"ምን ሆነ?"

"እኔን ሁለተኛ ያወጣኛል። ሦስት ቀን ስህተቱን ፈለግሁ፤ አጣሁት። ቲቸርም አየችው፤ ምንም የለበትም አለች። አንተ ፈልግልኝ።"

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ማሽን የጊንጪን የሒሳብ መምህር ሲያርም ሳይሆን፣ የጊንጪ መምህር ማሽኑን ሲያርም ሊታይ ነው። የሳይንስ መምህሩንም "ና፣ ይሄን ጉድ እይ" ብዬ ጠራሁት። እርሳሴን አውጥቼ የልጄን መስመር ደመርኩ። የአሃዱ ረድፍ ሠላሳ ሁለት መጣ። ሁለቱን ጻፍኩ፣ ሦስቱን ያዝኩ፣ ወደ አሥሩ ረድፍ ሄድኩ። ዘጠኝ መቶ ሁለት።

እንደገና ደመርኩ። ዘጠኝ መቶ ሁለት። ከታች ወደ ላይ ደመርኩ። የሳይንስ መምህሩ ክፍል አለብኝ ብሎ ወጣ፤ ክፍል አልነበረውም። በሴሚስተሩ መጨረሻ፣ ሦስት መያዝ ሲገባኝ አራት ይዣለሁ። አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ የሚቆነጠጥበት ስህተት ነው።

ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ ስህተቱን የፈለገችው የራሷ ሥራ ውስጥ ብቻ ነበር። የአባቷ ድምር ውስጥ ልትፈልግ ሐሳቡም አልመጣላትም። ይሄ ከስህተቱ በላይ አንገቴን አስደፋኝ።

"ቆይ" ብያት ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። ነገርኩት። በሩን ዘጋው።

"ጋሼ፣ ደብዳቤው እኮ ሄዷል" አለኝ። ያስተማርኩት ልጅ ስለነበር ሁልጊዜም ያከብረኛል። "አሥር ቁጥር ናት። ልጅዎም ጎበዝ ናት። ለእርስዎ ስም አይሆንም። ደግሞ ማን አየ?"

"ማሽኑ አይቷል።"

"ማሽኑን እናጠፋዋለን።"

ከቢሮው እስከ መምህራን ማረፊያው በር ድረስ ያለው መንገድ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ሃምሳውንም እርምጃ ሐሳቡ ጥሞኝ ነበር። ልጄ አዳሪ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ እናቷ ቦርሳውን ስታዘጋጅ፣ ሁሉም ታየኝ። ልጄ በሩ ጋ ቆማ ትጠብቀኛለች። ስለ ፈተናው አልጠየቀችኝም።

"አባዬ፣ ፕሮግራሜ ልክ ነው አይደል?"

ልክ ነው ካልኳት አምቦ መሄዷ ይቀራል። አይደለም ካልኳት ደግሞ ጤነኛ ፕሮግራም ውስጥ በሽታ ስትፈልግ ትከርማለች፤ በሽታው ግን ያለው እኔ ጋ ነው።

"ልክ ነው" አልኳት። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

መጀመሪያ ፈገግ አለች። ከዚያ ገባት። ከዚያ አለቀሰች። ተመልሼ ገብቼ ርዕሰ መምህሩን ሌላ ደብዳቤ አስጻፍኩት፤ እስኪጨርስ ከፊቱ አልተነሳሁም።

የደንዲዋ ልጅ ዓርብ ስለነበር አገሯ ሄዳለች። የአባቷ ስልክ ዝግ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሮስተሩን ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ተነሳሁ፤ ልጄ ካልሄድኩ ብላ ተከተለችኝ። ከታክሲ ወርደን በእግር ስንሄድ ገበሬዎቹ ጥቅሉን እያዩ ከእርሻቸው ቀና ቀና ይላሉ። መሬት ሊለካ የመጣ ሰው መስያቸዋለሁ። አንዱማ ድንበሩን ለማሳየት ግማሽ መንገድ ሸኘን፤ መምህር ነኝ ብለውም አላመነኝም።

የልጅቷ አባት ከደጅ ተቀበለን። "ባርሲሳ! ኮታ፣ ታኣ!" ብሎ በኦሮምኛ፣ መምህር፣ ኑ፣ ተቀመጡ እያለ አስገባንና በርጩማ አቀረበ፣ እርጎ አስመጣ። ሮስተሩን መሬት ላይ ዘርግቼ ስህተቱን ነገርኩት፤ አንደኛዋ ልጅህ ናት፣ ሰኞ ፈተና አለባት አልኩት። ቁጥሩን አልዘረዘርኩም፤ አፍሬ ነበር። ሰውየው እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"ተዉት መምህር። የእርስዎ ልጅ ትሂድ። የመምህር ልጅ እያለች የእኔ ልጅ ትቅደም? ነውር ነው። ይሄን ያህል መንገድ መምጣትዎ ለእኛ በቂ ነው።"

ያን ጊዜ ተናደድኩ። እርጎውን አስቀመጥኩ። "አባባ፣ እኔ አይደለሁም ቅደሚ ያልኳት፣ ድምሩ ነው!" አልኩት። እሱም "ድምሩንስ የሚያወጡት እርስዎ አይደሉ?" አለኝ።

ልጅቷ ከልጄ ጎን በሩን ተደግፋ ቆማለች። "አንቺ ምን ትያለሽ?" አልኳት። መሬት መሬት እያየች ቀስ ብላ መለሰች።

"የእኔ ዘጠኝ መቶ ሰባት ነው ቲቸር። የእሷ ዘጠኝ መቶ ሁለት ነው።"

ዘጠኝ መቶ ሁለትን ከአፌ አላወጣሁም። ሮስተሩ ላይ ያለውም ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ነው። ኋላ ልጄ እንደነገረችኝ፣ ካርድ የታደለ ዕለት ሁለቱ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ካርዳቸውን ተለዋውጠው ሲያዩ ነበር። ልጄ አንደኛነቷን ስታይ፣ ይቺ ደምራለች። በቃሏ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ታውቃለች። የልጄ ስም ለአዳሪ ትምህርት ቤት ሲጻፍ ታውቃለች፤ ለፈተናው መልካም ዕድል ብላ ልጄን አቅፋ ስትስማትም ታውቃለች።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለቻት ልጄ።

"እንዴት ብዬ?" አለች። "ቲቸር የደመሩትን?"

ልጅቷ ሰኞ አምቦ ሄዳ ተፈተነች፤ አለፈች። የተገዛውን ቦርሳ ልጄ ሰጠቻት። በሚቀጥለው ስብሰባ መምህርቷ ክበቡ የሁሉም ክፍል ትምህርት ይሁን ስትል ሰው ሁሉ ዞሮ ወደ እኔ አየ። "ይማሩ" አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ አለኝ። ማሽን ይሉኝታ የለውም ብዬ አስመዘገብኩ፤ ጸሐፊው ለመጻፍ ትንሽ አመነታ፣ ግን ጻፈው።

አሁን የልጄን ፕሮግራም ትምህርት ቤቱ በሙሉ ይሠራበታል። እኔም ሮስተሩ ሲያልቅ ልጆቹ ራሳቸው ደምረው እንዲያመጡልኝ አደርጋለሁ። ልክ አይደለም ቲቸር የሚል ልጅ ግን እስካሁን ብዙ አልመጣልኝም። እንዲህ ያለ ቀን የደንዲው በር ትዝ ይለኛል። ያቺ ልጅ ድምሯ ልክ ነበር፤ መደመር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዝም ማለቱንም ያስተማርኳት እኔ ሳልሆን አልቀርም።