ሚኤሶ ላይ ቁልፍ የተቀበልኩበት ጠዋት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጭሮ፣ የተመላላሽ ሕክምና ክፍሉን እንድትመራ የተመደበችው ወጣት ነርስ ፎዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሲስተር፣ በዕድሜ የሚበልጡኝን ሰዎች እንዴት ብዬ ልዘዝ?» አለችኝ።

ሐሳቤ ሚኤሶ ሄደ።

ከሆሳዕና ተመድቤ ሚኤሶ ጤና ጣቢያ ስደርስ ገና ልጅ ነበርኩ። ዝናብ የቀረበት ዓመት ነው። ማሽላው ሳያፈራ ደርቋል፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው እስከ መርፌ ክፍላችን ይገባል። በሽተኛው ገና ሳይነጋ በራፉን ይሞላዋል። የተመላላሽ ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ዘሪቱ አንድ ጠዋት ቁልፉን እጄ ላይ አኖሩና «ዛሬ የምትመሪው አንቺ ነሽ» ብለው ጥግ ይዘው ተቀመጡ።

ብዙም ሳይቆይ ከሰልፉ መጨረሻ አንዲት አርብቶ አደር እናት ልጇን ታቅፋ አየሁ። የልጁ አንገት ዘንበል ብሏል፤ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ልጁን ተቀብያት ወደ ውስጥ ስሮጥ ሰልፈኛው ተቆጣ፤ በሩን እየገፋ ይገባ ጀመር። እኔ ከመወለዴ በፊት ሥራ የጀመሩት ጤና ረዳት፣ ጋሽ ግርማ፣ እጃቸውን አጣምረው ያያሉ። ወደ ሲስተር ዘሪቱ ዞርኩ። አዩኝ፤ አልተነሱም።

እንባዬ መጣ። ልጁ ግን እጄ ላይ ነው።

«ጋሽ ግርማ፣ ኦሮምኛ አልችልም፤ ሰዉም አያውቀኝም። በሩን እርስዎ ይያዙልኝ፣ እባክዎ!»

ትንሽ አዩኝና ወጡ። በኦሮምኛም በአማርኛም «ኦብሳ! ታገሱ እንጂ፣ የእናንተ ልጅ ቢሆንስ?» ሲሉ ሰማሁ። ጫጫታው እየበረደ ሄደ። ደም ሥሩ አንዴ ጠፋኝ፤ እንደገና ስሞክር አገኘሁት። ጉሉኮሱ መውረድ ጀመረ። እኩለ ቀን ላይ ልጁ ጮክ ብሎ አለቀሰ፤ እናቱ «አልሐምዱሊላህ!» አለች።

ምሳ ስንበላ «ለምን አልረዱኝም?» አልኳቸው፣ ሲስተር ዘሪቱን።

«ብነሳ ኖሮ ነገም ሁሉም እኔን ነበር የሚጠይቀው። አንቺም ጭምር።»

«ልጁ ቢሞትስ?»

ጉርሻቸውን መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡ። «ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ እነሳ ነበር። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ሆኜ ነበር የማይሽ» አሉኝ።

ይህን ሁሉ ለፎዚያ ነገርኳት። ፈገግ አለችና «ታዲያ ሰኞ ጠዋት ክፍሉን ስረከብ እርስዎም እዚያ ይሆናሉ?» አለችኝ።

«እሆናለሁ» አልኳት። ከሚኤሶ ወዲህ ስለ አመራር ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ከሁሉም በላይ ያጸናኝ ግን ያን ጠዋት ሲስተር ዘሪቱ ሳይናገሩ እየሰጉልኝ አጠገቤ መኖራቸው ነው።