የእህት ውስኪ በእህት ምላስ

ብርጭቆውን ከእግሩ ትይዘዋለች፤ ሆዱን አትነካውም፣ የእጅ ሙቀት መጠጡን ያለጊዜው ይቀሰቅሰዋልና። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ተነጥፏል። ብርጭቆውን ወደ ወረቀቱ ዘንበል አድርጋ ቀለሙን ታያለች፤ አንዴ ታዞረውና በጎኑ የሚወርደው ጠብታ ዘገምተኛ ይሁን ችኩል ትለያለች። ከዚያ አፍንጫዋን ታስጠጋለች፣ ከንፈሯን ገርበብ አድርጋ፤ አፍ ከተዘጋ አልኮሉ አፍንጫን ይለበልባል። ትጎነጫለች፣ ምላሷ ላይ ታንከባልላለች፣ አጠገቧ ካለው ጣሳ ትተፋለች። በሁለተኛው ዙር ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምራ እንደ አዲስ ትጀምራለች። ውሃ የተደበቀውን ያወጣል።

«ይኸን ሁሉ ከምትተፊው ለእኔ ብታቀብዪኝስ?» ይላል ባሏ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር።

«አንተ የምታውቀው ‹ጥሩ ነው› ማለት ብቻ ነው።»

«ሁሉም ጥሩ ሲሆን ምን ልበል ታዲያ?»

ሰፈሩ «እትዬ አፍንጬ» ይላታል። ዕድሜዋን ያገባደደችው በሳሙና ፋብሪካ ሽታ ስትፈትሽ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ቁጭ ብላ አላለቀሰችም፤ ለመጠጥ ነጋዴዎች በሚታተም ወርሃዊ መጽሔት ላይ ውስኪ እየቀመሰች መጻፍ ጀመረች። ከእሷ ገጽ ላይ «የጀንበር መጥለቂያ ትዝታ» የሚል ነገር አታገኙም። «የዳቦ ቅርፊት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ማር። በበረዶ ይሞታል፤ በሎሚና በስኳር ሲበጠበጥ ግን ነፍስ ይዘራል» ብላ ታልፋለች። ባለሱቆቹም የሚያዝዙት ያንን አይተው ነው።

በዚያ ወር ፈተና የሆነባት የገዛ እህቷ ናት። ታናሿ የነርስነት ሥራዋን ትታ፣ ከአንድ ጋራዥ በማይበልጥ ቤት ውስጥ ውስኪ ማውጣት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። የምታወጣው ራይ የሚባለውን ዓይነት ነው። ቡርቦን የሚባለው በቆሎ ስለሚበዛበት ጣፈጥ ይላል፤ ራይ ስሙን ከሰጠው ጠቆር ያለ እህል ስለሚወጣ ሰነፍጦ ይነሳል። የመጀመሪያው በርሜል ተከፍቶ ጠርሙስ ውስጥ ገብቷል። እትዬ አፍንጬ ካመሰገነችው ሱቆች ይወስዱታል፤ ካጣጣለችው ደግሞ ሁለተኛ በርሜል የሚባል ነገር አይኖርም። ለዚህ ነው እህቷ ዘንድ ሰንብታ እንኳ አንዲት ጠብታ ሳትቀምስ የተመለሰችው።

«እህት ዓለም፣ አደራ፣ እንዳታዳዪልኝ» ብላት ነበር ታናሿ በር ላይ ስትሸኛት።

«እንዳዳላልሽ ፈልገሽ ነው እንዲህ የምትዪው።»

«ትንሽ ብቻ!»

ቤት ስትገባ ባሏ መስኮቱን ሁሉ ከፋፍቶ ጠበቃት። ሥራቸው የታወቀ ነው፦ እሱ ወጥ ቤት ሆኖ ይቀዳል፣ ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ሥር የተለያየ ቀለም ያለው አዝራር ያደርጋል፣ የትኛው የየትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከመቀዳቱ በፊት ግን ባዶ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ የምታሸተው እሷ ናት። በዚያ ቀን የመጽሔቱ አዘጋጅ ስልክ ላይ ያዛት፤ ገጹ በማግስቱ ማተሚያ ቤት ይገባል። በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ አንተው አሽትተህ ቅዳ። አሸተተ፣ ቀዳ።

ለዚያ ወር ገጽ ከእህቷ ራይ ጋር የተመደቡትን ሁለት ቡርቦኖች ወደደቻቸው። በተለይ በሰማያዊው አዝራር ላይ ያለው፣ «ደስ የሚል አዲስ እንጨት» አስባላት። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ፊቷ ተኮማተረ። ደገመችው። ውሃ ጨመረችበት፣ ባሰበት።

«ቫርኒሽ» አለች። «አወጣጡ ላይ ተበላሽቷል። ሰው ይግዛው አልልም።»

ባሏ አዝራሩን አየ፣ ጣሪያውን አየ።

«የእሷ ነው አይደል?»

«የእሷ ነው። ሌላ ቃል ፈልጊለት እንጂ፣ ‹ጠንከር ያለ› ምናምን…»

«ቫርኒሽን ጠንከር ያለ ካልኩ፣ ነገ ደህናውን ምን ልለው ነው?»

ቃሉን አልቀየረችም። የቫርኒሹን ጣዕም ከአፏ ልታጥብ ከቡፌው ንጹህ ብርጭቆ አነሳች፣ ከቧንቧ ውሃ ቀዳች፣ ወደ አፏ አስጠጋችና ቀጥ አለች። ውሃው ቫርኒሽ ይሸታል። ውሃ ደግሞ በርሜል ውስጥ አላደረም።

የቡፌውን በር ከፍታ ጭንቅላቷን አስገባች። ውስጡ እንደ መስታወት ያበራል። ብርጭቆዎቹ በአፋቸው ተደፍተው ሽታውን ሲጠጡ ሰንብተዋል።

«አንተ ሰው! ምን ቀብተህ ነው?»

«ላስደስትሽ ብዬ ነዋ! እህትሽ ጋ በነበርሽበት ጊዜ ቀባሁት። ምነው፣ አላማረም?»

«አምሯል። ግን ባዶውን አሽትተህ አልነበር?»

«አሸተትኩ። ምንም አልሸተተኝም።»

እንዴት ይሸተው? ብሩሽ ይዞ ያንን ሲምግ የሰነበተ አፍንጫ ከሽታው ጋር ተላምዷል። ይኸን ከሳሙና ፋብሪካ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ስለዚህ አልተቆጣችውም። በቡርቦኖቹ የበርሜል እንጨት ጣዕምና ጣፋጭነት ሥር የተሸሸገው ቫርኒሽ፣ መደበቂያ በሌለው ራይ ላይ ጥርሱን አግጥጦ ወጣ።

ብርጭቆዎቹን ያለ ሳሙና በፍል ውሃ አጠበች፣ መስኮት ላይ አፋቸውን ወደ ላይ አድርጋ አሳደረች። ጠዋት ለአዘጋጁ ደውላ እስከ ምሳ ድረስ ጠብቀኝ አለችው። ባዶዎቹን ራሷ አሸተተች፤ ባሏ አዝራሮቹን ቀያይሮ ቀዳ። የእህቷን ብቻ መድገም ትችል ነበር፤ ሦስቱንም ደገመች። ያ «ደስ የሚል አዲስ እንጨት» የተባለው ቡርቦን እንጨቱ ጠፋ፣ ውሃ ውሃ አለ።

«ለካ ያመሰገንኩት ቡፌያችንን ነው!»

«እንግዲያው ለእኔም ጻፊልኝ» አለ ባሏ፣ «‹ቀቢው ሊመሰገን ይገባል› በዪ።»

ራዩ ቫርኒሹ ለቆት ነበር። ቁንዶ በርበሬ፣ ዝንጅብል፣ ያረረ የዳቦ ጠርዝ ይዞ ደህና ተነሳ፤ ነገር ግን ቶሎ ተነነ፣ ጉሮሮ ላይ አልቆየም። እንዲያው ጻፈችው፦ «አነሳሱ ሸጋ፣ ፍጻሜው አጭር። በርሜል ውስጥ ትንሽ ቢታገስ ኖሮ ይበልጥ ነበር። ለብቻው ከሚጠጣ በዝንጅብል ለስላሳ ይሁን።» ከዚያ ለእህቷ በስልክ አነበበችላት።

«‹አጭር› ያልሽው እኔን ነው ውስኪውን?»

«ሁለታችሁንም።»

ታናሿ ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች፤ ቀጥላ «ልክ ነሽ፣ ቸኮልኩ» አለች። «ሱቆቹ ግን ይወስዱታል?»

«አላውቅም።»

እውነትም አላወቀችም። ሌላም ያላወቀችው ነገር ነበር፦ «አጭር» ያለችው አጭር ስለሆነ ነው፣ ወይስ አዳላች እንዳትባል ፈርታ? ስልኩን ዘግታ ራዩን እንደገና ቀመሰችው፤ ምላሷ ያንኑ መለሰ፣ ልቧ ግን አልረጋም። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን ውጦ ዝም ይል ነበር። እሷ አዘጋጁን አስቁማ ከገጹ ግርጌ ይኸን አስጨመረች፦

«ይኸን ራይ ያወጣችው የእናቴ ልጅ ናት። ሳላስበው ደግፌያት ወይም በድያት እንደሆነ መለየት አቅቶኛል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ካገኘኸው ቅመሰው፤ ጉሮሮህ ላይ ምን ያህል እንደቆየልህ ጻፍልኝ። እኔን ለማስደሰትም፣ እሷን ለማጽናናትም ብለህ አንዲት ቃል አትጨምር።»