ለአስራ ሦስት ዓመት ሦስት ወር ሲቀራት

የሥራ ባልደረቦቿ «መቀስ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አንድ ተዋናይ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ላይ ቆሞ የተቀረጸበትን ትዕይንት፣ ጭራሽ አያስፈልግም ብላ ከፊልሙ ስላወጣችበት አኩርፎ ነበር። ፊልሙን ካየ በኋላ መጥቶ «እውነትሽን ነው» ቢላትም፣ ስሙ ግን ተጣብቆባት ቀረ።

መቀስ የፊልም ኤዲተር ናት። ዳይሬክተሮች ቀርጸው የሚያመጡላትን የብዙ ሰዓት ምስል አይታ፣ መርጣ፣ ቆርጣና ቀጥላ የሁለት ሰዓት ታሪክ ታደርገዋለች። የምትሠራው ከታች ጫማ ጠጋኝ ያለበት ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እዚያው በምትኖርበት ቤት ነው። መስኮቱ ቀንም ቢሆን በወፍራም መጋረጃ ይሸፈናል። ሁለት ስክሪንና ክንዱ በፕላስተር የተጠቀለለ ተሽከርካሪ ወንበር አላት። በአንደኛው ስክሪን ጠርዝ ላይ የልጇ ፎቶ ተለጥፏል። ፎቶው ላይ ልጅቱ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ የሉም።

ልጅቱ አሁን አስራ ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ጥርሶቿም ከበቀሉ ቆይተዋል። የምትኖረው ግን ከእናቷ ጋር አይደለም። አባቷ የሞተ ጊዜ መቀስ ገና ሥራ ጀማሪ ነበረች፤ ይህ ሥራ ደግሞ የመግቢያ እንጂ የመውጫ ሰዓት የለውም። ታላቅ እህቷ በአውቶቡስ አምስት ሰዓት ከሚወስድ ከተማ መጥታ «እስክትቋቋሚ ድረስ እኔ ጋ ትሁን» አለቻት። «አንድ ዓመት ብቻ» ተባባሉ። አንዱ ዓመት ስድስት ሆነ።

በየሳምንቱ ይደዋወላሉ። አንድ ቀን ልጅቱ «እማ፣ አንቺ ከሠራሻቸው ውስጥ እኔ ማየት የምችለው የትኛውን ነው?» ስትል ጠየቀቻት። መቀስ በልቧ ቆጠረች። አንዱ ከአስራ ስምንት በላይ፣ ሌላው ከአስራ ስድስት በላይ፣ ሌላውም እንደዚያው። አንድም አጣች። «የሚመጣውን» አለቻት።

የሚመጣው ፊልም በእርግጥም የተለየ ነበር። አንዲት የአስራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ከቤት ጥላት የጠፋችውን እናቷን ከከተማ ከተማ እየዞረች ስትፈልግ ያሳያል። መቀስ አራት ወር ስትሠራው፣ በእያንዳንዱ ትዕይንት ላይ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ የምታይ ይመስላት ነበር። ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጥ፣ የት ላይ እንደምትስቅ፣ የት ላይ እጇን እንደምትይዛት ማወቅ። ከዚህ በላይ የተመኘችው ነገር አልነበረም።

ከዚያ የገምጋሚው ኮሚቴ ወረቀት መጣ። «ከ18 ዓመት በላይ» ይላል። ምክንያቱ አንድ የሃምሳ ሁለት ሴኮንድ ትዕይንት ነው፦ አባትየው እናትየውን ሲደበድባት፣ ልጅቱ በበሩ ክፍተት ታያለች።

ፕሮዲዩሰሩ ወረቀቱን ይዞ ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። ወፍራም፣ ደግና ችኩል ሰው ነው። ዳይሬክተሩም ተከትሎት መጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

«አለቀልን» አለ ፕሮዲዩሰሩ። «ሲኒማ ቤቶቹ ከአስራ ስምንት በላይ የሆነ ፊልም በቀን አያሳዩልኝም። ትምህርት ቤቶቹም ቀሩ። ደግሞ ልጆቹ ብቻ እንዳይመስላችሁ የሚቀሩት፤ ልጇን የምትተውበት የሌላት እናትም አብራ ትቀራለች። አንዱን ስትከለክል ቤተሰቡን ነው የምትከለክለው። ትዕይንቱ ይውጣ፣ መቀስ።»

ዳይሬክተሩ ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። «እሱ ከወጣ እናትየው ለምን እንደሄደች የሚያውቅ የለም» አለ። «ሰው ሁሉ ልጇን የጣለች ጨካኝ ነው የሚላት። እኔ ያንን በር አውቀዋለሁ። ከኋላው ቆሜ ነው ያደግኩት።»

ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ። ትዕይንቱን ብታወጣው ልጇ ነገ ገብታ ታየዋለች። ግን ልጇ እንድታየው የምትፈልገው ይህንኑ ነበር፤ እናት ሄደች ማለት ጠላች ማለት እንዳልሆነ።

«ሦስት ቀን ስጡኝ» አለቻቸው።

ሦስቱንም ቀን ከወንበሯ አልተነሳችም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የአባትየውን እጅ አወጣች። ቀጥሎ የእናትየውን ፊት። ሃምሳ ሁለቱ ሴኮንድ አልተነካም፤ ምስሉ ግን ከበሩ ክፍተትና ከልጅቱ ዓይን ሌላ ምንም አያሳይም። ድምፁን ዝቅ አድርጋ፣ ወለሉ ላይ የሚንከባለል የአንድ ብርጭቆ ድምፅ ብቻ አጉልታ ተወችው። ዳይሬክተሩ መጥቶ አየው። ሲያልቅ ፊቱን ወደ መጋረጃው አዙሮ «ይኸው ነው» አለ።

ኮሚቴው ድጋሚ አየና አዲስ ወረቀት ላከ፦ «ከ13 ዓመት በላይ»። ፕሮዲዩሰሩ በስልክ ሲስቅ ስልኩ የሚሰነጠቅ ይመስል ነበር። መቀስ ግን ወረቀቱን እንደያዘች የፎቶዋን ልጅ አየች። ልጅቱ አስራ ሦስት ሊሞላት ገና ሦስት ወር ይቀራታል።

ለእህቷ ደወለች። «ታዲያ ማን ያውቃል?» አለች እህትየው። «እንደ ሸንበቆ ተመዛለች እኮ፤ እኔን ካለፈችኝ ቆየች። ዝም ብለሽ ይዘሻት ግቢ።»

ለትምህርት ቤት እረፍት ልጅቱ መጣች። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ወደ ሲኒማው ሲሄዱ መቀስ ድምጿን ቀነስ አድርጋ «ከጠየቁሽ አስራ ሦስት በይ፣ እሺ?» አለቻት። ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች።

በሩ ላይ ትኬት የሚቀበሉት ሽማግሌ መቀስን ያውቋታል። ፈገግ ብለው ሰላም አሏትና ልጅቱን አዩ። «ስንት ዓመትሽ ነው፣ ልጄ?»

ልጅቱ እናቷን አየች። ከዚያ ጫማዋን አየች። «አስራ ሁለት» አለች፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀላ።

ሽማግሌው እንደ መደንገጥ አሉ፤ ባልጠየቅኩ ያሉ ይመስላል። «ተቆጣጣሪዎቹ በዚህ ሳምንት ሁለቴ መጥተውብኛል» አሉ። «ባስገባት ደስ ባለኝ፣ የኔ ልጅ።»

«ግድ የለም፣ ጋሼ» አለች መቀስ። ልጇን አልተቆጣቻትም። ከኋላቸው ሰዉ ተሰልፏል፦ እጅ ለእጅ የተያያዙ ተማሪዎች፣ አባትና ሴት ልጅ፣ እናትና ሁለት ጎረምሶች። እሷ በሦስት ቀን ሥራ በሩን የከፈተችላቸው ሰዎች አንድ በአንድ አልፈዋት ገቡ።

ሽማግሌው ከአዳራሹ በር አጠገብ ያለውን አግዳሚ ወንበር አሳዩአቸው። «እዚህ መቀመጥ ማንም አይከለክልም» አሉ።

ተቀመጡ። ፊልሙ ተጀመረ። በበሩ በኩል ድምፁ ይሰማል። መቀስ እያንዳንዱን ቁራጭ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ሳታስበው ማውራት ጀመረች። «አሁን አውቶቡስ ላይ ናት። መስኮቱን በእጅጌዋ እየጠረገች ነው። አሁን አንዲት ሴት ከኋላ ስትታይ እናቷን መሰለቻት።» ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ውስጥ ሰዉ ሲስቅ እሷም ከእናቷ ቃል ጋር እያገናኘች ትስቃለች።

ብርጭቆው ሲንከባለል አዳራሹ ጭጭ አለ። ሦስት መቶ ሰው እንደዚያ ዝም ሲል መቀስ ከዚህ በፊት ሰምታ አታውቅም።

«ምን እየሆነ ነው?» አለች ልጅቱ በሹክሹክታ።

«በሩ ጋ ቆማ እያየች ነው። አባትየው እናትየውን ይመታታል። እኛ አናይም፤ እሷን ብቻ ነው የምናየው።»

«ለዚህ ነው እናትየው የሄደችው?»

«ለዚህ ነው።»

ልጅቱ ዓይኗን ሳትገልጥ «አንቺስ እኔን ለምንድን ነው የላክሽኝ?» አለች።

መቀስ ይህን ጥያቄ ስድስት ዓመት ስትጠብቀው ነበር፤ በስልክ እንጂ እዚህ ይመጣል ብላ ግን አላሰበችም። «ማንም አልመታኝም» አለች። «ብቻዬን ነበርኩ። ሥራው እንዳያመልጠኝ ፈራሁ። አንድ ዓመት ብቻ ብዬ ነበር፣ ከዚያ እየደጋገምኩ አንድ ዓመት ብቻ አልኩ።»

ልጅቱ ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች፤ ፊልሙ እስኪያልቅም አላነሳችውም።

ፊልሙ አስር ሳምንት ታየ። ትምህርት ቤቶች በአውቶቡስ እየጫኑ ተማሪ አመጡ። ልጅቱ አስራ ሦስት የሞላት ጊዜ ግን ፖስተሩ ወርዶ ሌላ ተሰቅሎ ነበር። መቀስ ፊልሙን በፍላሽ ይዛ እህቷ ቤት ድረስ ሄደች። ሳሎን ውስጥ መጋረጃ ዘግተው፣ ሦስቱም አንድ ሶፋ ላይ ሆነው አዩት።

ሲያልቅ ልጅቱ «እኔ ስሰማው በሩ አረንጓዴ ነበር» አለች።

«ምኑ?»

«በሩ። የድሮ ቤታችን በር ነበር የመሰለኝ።»

«አረንጓዴ ነበር እንዴ?» አለች መቀስ።

«ረሳሽው?»

በማግስቱ አውቶቡስ ላይ አምስት ሰዓት ሙሉ ያንን በር ለማየት ታገለች። ማጠፊያው መጣላት፣ ሥር ሥሩ የተላጠው ቦታ መጣላት፣ ቀለሙ ግን እምቢ አለ። ልጅቱ የበሩን ቀለም ሳይቀር ስታስታውስ ኖራለች፤ እሷ ደግሞ የምታስታውሰው የልጇን የጎደሉ ሁለት ጥርሶች ብቻ ነበር።

ቤቷ እንደደረሰች ከሥራ ክፍሏ ጎን ያለችውን ጠባብ ዕቃ ቤት ከፈተች። የአሮጌ ፊልሞች ሃርድ ዲስክ በካርቶን ካርቶን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። አንድ ካርቶን አወጣች፤ ሌላ አወጣች። ወለሉ ሲታይ ክንዷን ዘርግታ ለካች፤ አንድ ሰው የሚተኛበት አልጋ ይገባል። ለልጇ ደውላ ነገረቻት።

«የመጪውን ዓመት ትምህርት እዚህ ብትማሪስ?»

ከበስተጀርባ የጓደኞቿ ድምፅ ይሰማል። «እናያለን፣ እማ» አለች ልጅቱ። «ለረጅሙ እረፍት ግን እመጣለሁ።»

«እሺ» አለች መቀስ። ስልኩን አስቀምጣ የቀሩትን ካርቶኖች ማውጣቷን ቀጠለች።