ሉሉን ምን አስመለሳት?

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ማዳም መጀመሪያ ያስተዋወቀችኝ ከባሏም ከልጆቿም ጋር አልነበረም፤ ከድመቷ ጋር ነው። ሉሉ ትባላለች። ነጭ፣ ፀጉረ ረጅም፣ አፍንጫዋ ድፍጥጥ ያለ። የራሷ ክፍል፣ የራሷ ሐኪም፣ ፎቶዋ የተለጠፈበት የክትባት ደብተርም ነበራት። የእኔ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማው፣ ገና አልወጣም። ኮምቦልቻ ቤታችን ያለችው ድመት አይጥ ካልያዘች ሳትበላ የምታድር ናትና፣ አፌን ይዤ ቀረሁ።

ይህን የምጽፈው ለአዲስ ገቢ እህቶቼ ነው። ዶሃ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። በጽዳት ጀምሬ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ፤ ዛሬ የቤት ኃላፊ ነኝ፣ በሥሬም ሦስት ሴቶች አሉ። ልብስ አተኳኮስና ምንጣፍ አጠራረግ ማንም ያሳያችኋል። የታመመች ድመት መያዝን ግን የሚያሳያችሁ የለም።

በሁለተኛው ዓመቴ ሉሉ ማስመለስ ጀመረች። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ነበር፣ ኋላ በሁለት ቀን አንዴ ሆነ። የዋጠችው ፀጉር ነው ተባለና በቀን ሁለቴ አበጥራት ጀመር። የትል መድኃኒት ተሰጣት። ደሟ ተመረመረ፣ ሆዷ በአልትራሳውንድ ታየ። እናቴ አራታችንን ስትወልድ ሆዷን በመሣሪያ ያየላት ሰው አልነበረም። ምንም አልተገኘም፤ ሉሉ ግን ሳነሳት በየሳምንቱ ትቀለኝ ነበር።

ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት፤ እንዲገባኝ ብላ ዐረብኛውን ቀስ አድርጋ ትናገርልኛለች። ሆዷ የማይስማማው ምግብ ሳይኖር አይቀርም አለች። ስለዚህ ስምንት ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ትበላለች፤ ከዚህ በፊት ቀምሳው የማታውቀውን የጥንቸል ሥጋ፣ በቆርቆሮ የታሸገ። ሌላ ፍርፋሪ እንኳ አይነካትም። እኔ ደግሞ ደብተር እይዛለሁ፦ የበላችበት ሰዓት፣ ስንት ግራም፣ ያስመለሰችበት ሰዓት፣ መልኩ። ሳልጠርገውም ፎቶ አነሳዋለሁ። ሰው ሳያይ ጥረጊ ተብዬ የተማርኩ ሴት፣ ትውከት ፎቶ ላነሳ ነው! ድመት ጥንቸል ስትበላ ማየቱም ለብቻው ጉድ ነበር።

በቤቱ ከቤተሰቡ ሌላ ሁለት ሠራተኞች ነበርን፤ እኔና ሾፌሩ ጋሼ ሰይድ። የደሴ ሰው ናቸው። እዚያ ቤት አሥራ አምስት ዓመት ነድተዋል፤ በዚያው ሥራ ሴት ልጃቸውን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ። ሐሙስ ሐሙስ ዶሃ አጠገብ ካለችው አል ዋክራ ዓሣ ያመጡና ግቢው ውስጥ ያጸዱታል። ማዳም ልጆቿንም እኛንም ሰብስባ ለሉሉ ማንም ምንም እንዳይሰጣት አዘዘች። ሁላችንም እሺ አልን።

በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘንኩ በቀን አራት ጊዜ አበላኋት። ጻፍኩ፣ ፎቶ አነሳሁ። አምስት ሳምንት ሞላ፤ ማስመለሱ እንዳለ ነው። ማዳም ደብተሩን አገላብጣ ወረወረችው። ከመካከላችን አንድ ሰው ይሰጣታል አለች፤ ዓይኗም ጋሼ ሰይድ ላይ አረፈ። እኔ ማንም አይሰጣትም አልኩ፤ እሳቸው ወላሂ ብለው ማሉ።

ከዚያ ወጥ ቤት ለብቻዬ ሳለሁ መጣችና ሰይድ ሲያበላት አይተሽዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። “አላየሁም” አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ። “ግን ዓሣ ሲያጸዳ አጠገቡ ትቀመጣለች” አልኩ። እውነት ነው፣ ትቀመጣለች። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ግን አውቄዋለሁ። ማዳም “ሐኪሟም ሰው እየሰጣት ነው ካለች ሰይድ ሌላ ቤት ይፈልግ” ብላ ወጣች።

በማግስቱ ማዳም ስላልተመቻት ሉሉን በሳጥኗ ይዤ እኔ ሄድኩ። የሚነዱት ጋሼ ሰይድ ናቸው። 

ዶክተሯ ደብተሬን ገጽ በገጽ አነበበች፤ አመሰገነችኝም። ከዚያ ጣቷን ሰዓቶቹ ላይ አደረገች። ሉሉ የምታስመልሰው ሁልጊዜ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግ ጠየቀችኝ። ምንም፣ ማዳም ትተኛለች፣ እኔ ምሳዬን እበላለሁ አልኳት።

“ስትበዪ ሉሉ የት ናት?”

“እግሬ ሥር። ታየኛለች።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ አጎርሳታለሁ።”

ይህን በገዛ አፌ ተናግሬ አሁንም አልገባኝም። ማጉረስ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ በእጄ ጠቅልዬ አሳየኋት። ማብላት አይደለም፣ ጉርሻ ነው አልኳት። ከምን እንደሆነ ጠየቀች። ከመጅቡሱ፣ ዶሮውን በሩዙ ጠቅልዬ፣ በቀን አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ። ሽንኩርት አለበት ወይ አለች። አለበት። እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው፣ ከሁሉ የምጠረጥረው ግን ዶሮውን ነው አለችኝ።

ክው አልኩ። እኛ አገር ዓይኑ እጅሽ ላይ ያለን ፍጡር ሳያጎርሱ የሚበላ ማነው? በልተሽ ያስቀረሽለትን መስጠት ማብላት ነው፤ ጉርሻ ግን አንድ ጊዜም እንደ ምግብ ተቆጥሮልኝ አያውቅም። ማን ይሰጣታል ስባል ማንም ብዬ የመለስኩት በንጹሕ ልብ ነው። አልዋሸሁም። እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ይኸው ነው።

ዝም ማለት እችል ነበር። ጉርሻውን ባቆም ሉሉ ትድናለች፣ ማንም አያውቅም። ግን ጋሼ ሰይድ ከተባረሩ በኋላ ብትድን፣ መዳኗ በእሳቸው ላይ ማስረጃ ይሆናል። መኪና ውስጥ ገብቼ የጉርሻውን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። ነዳጅ ማደያ ጋ ሲደርሱ ዳር ይዘው ቆሙ። ዞረው አላዩኝም።

“ጉርሻውን ተይው” አሉ። “ለማዳም ዓሣ ሲያጸዳ አጠገቡ ትቀመጣለች ያልሽው አንቺ ነሽ?”

ያን ዕለት የወጥ ቤቱ መስኮት ወደ ግቢው ክፍት ነበር፤ ሰምተውኛል። 

ማዳም ስነግራት በእጅሽ ነው ወይ ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ ጆሮዋን አላመነችም። ወደ አስቀጣሪው ቢሮ፣ ወደ ማክተብ እመልስሻለሁ ብላ ዛተች፤ ኋላ ግን ሉሉ ከሌላ ሰው እጅ ጥንቸሉን አልበላም ስላለች ተውኩሽ አለች። ጋሼ ሰይድን ጠርታ ኸላስ፣ ነገሩ አልቋል፣ ሥራህን ቀጥል አለቻቸው። እሳቸው ግን አመስግነው መልቀቂያ ጠየቁ። “አሥራ አምስት ዓመት ኖሬ በአንድ ቀን ዋሾ ከተባልኩ፣ ነገም እባላለሁ” አሉ።

ስምንቱን ሳምንት ከዜሮ ጀመርን። ምሳዬን ልብስ ማጠቢያ ክፍል በር ዘግቼ እበላ ነበር፤ ሉሉ ከውጭ በሩን ትቧጭር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ማስመለሱ ቆመ። በመጨረሻ ሐኪሟ ዶሮ ብቻውን፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ ጨው ቀቅለን እንድንሞክር አዘዘች። በሦስተኛው ቀን አስመለሰች። ጠላቷ ዶሮ እንደሆነ ያኔ ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ዶሮ አትቀምስም፤ ክብደቷም ተመለሰ።

ጋሼ ሰይድ አል ዋክራ ላሉ ሰዎች ሊነዱ የሄዱ ዕለት፣ በር ላይ ደረስኩባቸውና ይቅር እንዲሉኝ “አውፍ በሉኝ” አልኳቸው።

“የጉርሻውን አውፍ ብያለሁ” አሉኝ። ስለ ሌላው ምንም ሳይሉ ሻንጣቸውን አንስተው ሄዱ።

በሥሬ ላሉት ሴቶች የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ድመት ስታስመልስ ደብተር ያዙ፤ በጣታችሁ ያስላሳችኋትን ሳይቀር ጻፉ። ስለ ሌላ ሠራተኛ ስትጠየቁ ካላያችሁ፣ አላየሁም ብላችሁ እዚያው ላይ አቁሙ።