ሰም ሳይሆን ሰምግ

አሁን ሥራዬ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ፕላስቲክ መሥራት ነው። በትክክል ከተቀመመ ቅንጣቶቹ ማንም ሳይነካቸው ይሰለፉና ከፀጉር የቀጠነ መስመር ይሠራሉ። የመጀመሪያ መስመሬን ያሰመርኩት ግን አሶሳ አጠገብ፣ ቤቶቹ በገመድ እየተለኩ በተተከሉበት የሰፈራ መንደር ነው። እዚያ በፈቃዱ የተሰለፈ ነገር አልነበረም።

አባቴ በድርቁ ጊዜ ለሰፈራ ከወሎ ካመጡን ጀምሮ፣ "አገሬ ዝናብ መያዙን ልስማ እንጂ አንድ ቀን አላድርም" ይል ነበር። የሚሰማበት ግን አልነበረውም። አስተማሪያችን ሲዛወር የተበላሸ ሬዲዮውን ለኔ ተወልኝ። ስከፍተው ውስጡ ካለው ሰሌዳ ላይ አንዱ የመዳብ መስመር በዝገት ተበልቶ ተቋርጧል። መበየጃ የሚባል ነገር መንደራችን አልደረሰም።

"ተይው ልጄ፣ በከንቱ አትልፊ" አለኝ አባቴ። ጭራሽ እልህ ያዘኝ።

ያለቀ ባትሪ ሰብሬ መሀሉ ያለውን የከሰል ዘንግ ወቀጥኩት። ከሰሉ ኤሌክትሪክ እንደሚያሳልፍ ተምሬያለሁ፤ የቸገረኝ በምን እንደማጣብቀው ነው። ገበያ ላይ አንድ የበርታ ነጋዴ ጠየቅሁ፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም።

"ሰምግ ጥሩ ነው። እሷ በደንብ ይይዛል" አሉኝ።

ሰም ያሉኝ መሰለኝ። ከማር ቆራጮች ሰም ለምኜ አቀለጥኩና ከዱቄቱ ጋር ለውሼ ቀባሁት። ሬዲዮው ጭጭ። ፍቄ እንደገና ቀባሁ፤ አሁንም ጭጭ። ሰሙ ቅንጣቶቹን እየሸፈነ እንዳይነካኩ እንደሚያደርግ ያኔ አላውቅም። ተናድጄ ነጋዴው ዘንድ ተመለስኩ።

"ያሉኝ ሰም እኮ አልሠራም" አልኳቸው።

እስኪያስላቸው ሳቁ። "ሰም ማን አለ? ሰምግ ነው ያልኩህ" ብለው ከከረጢታቸው የግራር ሙጫ አወጡ። ሰምግ በዓረብኛ ሙጫ ኖሯል።

ሙጫውን በውሃ አሟሟሁ፣ ከሰሉን ጨመርኩ፣ ከተበጠሰው መዳብ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በላባ አሰመርኩ። ሙጫው ሲደርቅ እየተኮማተረ ቅንጣቶቹን አገናኛቸው። ሬዲዮው አንሿሿና ተናገረ። ደስታዬን አልችለው አልኩ። አባቴን ስጠራው ማጭዱን እንደያዘ ሮጦ መጣ።

ወሬው ስለ ዝናብ አልነበረም። ዜና አንባቢው የአሶሳ ሰፋሪዎች አዲሱን ቀያቸውን ስለወደዱ ወደ ቀድሞው መመለስ እንደማይፈልጉ ይናገራል። አባቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

"እኔን መች ጠየቁኝ?" አለ።

ማጭዱን አስቀመጠና የመንገድ ዱላውን ከጣሪያው ሥር አወረደ። "ዝናቡን እዚያው ወሎ ደርሰን እናየዋለን። ሬዲዮሽን ጠቅልዪ።"